ነጩ ኪኒን

ግንቦት 14 ቀን 2016፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ወንድሜ ሙሀሲን አዲስ አበባ ሆስፒታል፣ አባዬ አልጋ አጠገብ ነበር፤ እኔና እማ ሸዋ ሮቢት፣ ቤት። የልብ ቀዶ ጥገናው ለማግስቱ ተቀጥሮ ነበር።

— ሄሎ! ሙሀሲን? ... አባዬ ደህና ነው? ... አልሀምዱሊላህ። ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ?

— ሁለት ምርመራ? ለአንድ ደም? ... እሺ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ... ደሙ ይረጋ እንደሆነ የሚያዩበት። አንዱ «ይረጋል፣ ችግር የለም» አለ፤ ሌላው «መድኃኒቱ ገና አልለቀቀውም፣ ይደማል» አለ... ሐኪሟ ታዲያ የትኛውን አመነች?

— እኛን? መድኃኒቱን አቁሟል ስላልን? ... ነግሬሃለሁ እኮ፤ ካቆመ አምስት ቀኑ ነው። ደም የሚያቀጥነውን፣ ሮዙን ኪኒን፣ አርብ ከብልቃጡ በእጄ ለቅሜ አወጣሁት። ... አትጩህብኝ! ማሽኖቹስ መቼ ተስማሙ!

— ዛሬ ጧት ስንት ነጭ ሰጠኸው? ... ሁለት? አስፕሪኑ እኮ አንድ ነው... ቆይ። ቆይ፣ እንዳትዘጋ።

— እማ! ጎረቤታችን በድሩ ከካራቆሬ ያመጣው የመድኃኒት ካርቶን የት ገባ? ... ሽሮፑን አይደለም! የአባዬ ኪኒን እዚህ የጠፋ ጊዜ ያመጣልንን... አምጪው።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ኪኒኑን ሁሉ ፈልፍዬ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ነው የጨመርኩለት... አዎ፣ እኔ። ካርቶኑን ይዣለሁ... ክሎ... ክሎፒዶግሬል። ያው ደም የሚያቀጥነው ራሱ ነው። የሌላ ፋብሪካ ነው። ይሄኛው ነጭ ነው፣ ሙሀሲን። እኔ ሮዙን ብቻ ነው ያወጣሁት።



— አውቃለሁ፣ ለሐኪሟ ከነገርናት የቀዶ ጥገናው ተራ እንደሚያልፍ። ሰባት ወር እንደጠበቅንም አውቃለሁ... ዝም ብለን? ደረቱ ተከፍቶ ደሙ አልቆም ቢልስ? ... አንዱ ማሽን ጥሩ ስላለ? «ይደማል» ያለው ነው ልክ እኮ!

— ምንም አይደለም እማ፣ ቁጭ በይ። እነግርሻለሁ።

— ሂድ ንገራት። «እህቴ ናት የተሳሳተችው» በላት... አባዬ ሰማ? ምን አለ? ... «ዙልፋን እንዳትቆጣት»? ... ያ አላህ... በቃ ሂድ። ሂድ፣ ሐኪሟ ሳትወጣ።

ዘጋሁት።

ቀዶ ጥገናው ለሳምንቱ ረቡዕ ተላለፈ። የአባዬ ልብ እሑድ ጧት ቆመ።