መብራቱን ያላጠፋችው

ዛሬ አርሂባ ሰፈር እሄዳለሁ ብዬ ሆዳን ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ጅቡቲ መኖር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል፣ አእምሮዬ ግን ገና እንግዳ ነው። ስህተቴ ሲገባኝ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ወሬ ጀምረው ስለነበር መውረዱን ተውኩት።

«የትዳር አማካሪዋ ምን አለችሽ?»

«‹ባልሽ ምን ይወዳል?› አለችኝ፤ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። ‹አንቺስ?› ስትለኝ አፌ ተያዘ።»

«አንቺ ምላሳሟ?»

«እኔው! የሹፌር ሚስት ሥራዋ ይኸው አይደል? ከመንገድ ሲገባ ምግቡን አቀርባለሁ፣ ዘይት የጠጣ ልብሱን አጥባለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ባለፈው ሲመጣ መብራቱን አላጠፋሁም። ‹ልብሱ ይደር፤ አጠገቤ ተቀመጥና እጄን ያዝ› አልኩት።»

«ወይ ድፍረት! አላፈርሽም?»

«በሀፍረት ልሞት ነበር። እሱ ግን እጄን በሁለት እጁ ያዘ! ‹ከድንበሩ፣ ከጋላፊ ኬላ ጀምሮ ይህንኑ እያሰብኩ እመጣለሁ፤ አንቺ ሁልጊዜ ወደ ልብሱ ትሮጫለሽ› አለኝ።»

«እሰይ፣ የኔ አንበሳ! እኔንም አማካሪዋ ጋ ውሰጂኝ።»

«እየሄድን አይደል እንዴ?»

እኔም ባለቤቴ የምትወደውን በጣቴ መቁጠር ጀምሬ ከሻይ ማለፍ ስላቃተኝ፣ ‹አንቺስ ምን ትወጃለሽ?› የምትል የአንዲት ጥያቄ ዕዳ ተሸክሜ ወረድኩ።