ኬሬንሳ ለምን በጊዜ ትተኛለች?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ባሕር ዳር ከተማችን ወደ ዋላሩ ዳቦ ቤት የወጣሁት ሥጋና ድንች የተሞላ ትኩስ ፓስቲ ልበላ እንጂ በሰው ቤት ነገር ልገባ አልነበረም። ዳሩ ግን ጡረታ ክፉ ነው፤ አስተማሪ ተማሪ ሲያጣ ያገኘውን ሁሉ ያስተምራል። ዳቦ ቤቱ ደጅ ካለው ጠረጴዛ ዘንድ ሜርቪን ትሬሎርና ልጁ ኬሬንሳ ተቀምጠው ፓስቲ እየበሉ ሲጨቃጨቁ የራሴን ይዤ ደረስኩ።

ሜርቪን ገብስ የሚያመርት፣ በግ የሚያረባ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከኬሬንሳ ጋር ሁለት ሆነው ይኖራሉ። ኬሬንሳ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቤቷ ሆና ተምራ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ የያዘች ሴት ናት። ከተወለደች ጀምሮ እጅና እግሯ እንደ ልቧ ስለማይታዘዙላት በተሽከርካሪ ወንበር ትሄዳለች፤ አነጋገሯም ዝግ ያለ ነው። በልጅነቷ አስተምሬያታለሁና አውቃታለሁ፤ ነገሯ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከመጣ በኋላ ግን አይመለስም።

"እንኳን መጣህ፣ መምህር!" አለኝ ሜርቪን። "ይህችን ልጅ ምከርልኝ። የሚረዳትን ድርጅት ልቀይር ትላለች።"

"መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ" አለች ኬሬንሳ። "የኔትቦል ክለቡ የትንንሾቹ ልጃገረዶች አሠልጣኝ ሁኚልን ብሎኛል። እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ልምምዱ ረቡዕ ማታ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኔን ግን ረዳቶቹ በአንድ ሰዓት ያስተኙኛል።"

ፓስቲው እጄ ላይ ቀረ። ወሩ ጥር፣ በእኛ አገር ቀኑ የሚረዝምበት ድፍን በጋ ነው። በአንድ ሰዓት ፀሐይዋ ገና ባሕሩ ላይ ናት፣ ልጆች በየመንገዱ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ዶሮ እንኳ አይሰፍርም። ያቺ ጨዋታ አዋቂ፣ ቅርጫት ኳስ የሚመስለውን የክለቡን የኔትቦል ግጥሚያ ሁሉ ከዳር ሆና ስትተነትን የኖረች ሴት በዚያ ሰዓት ጣሪያ ስታይ ትተኛለች ማለት ነው። ተናደድኩ፤ አልደብቅም።

"ሰዎቹ ሥራቸውን የሚጨርሱት በአንድ ተኩል ነው" አለ ሜርቪን። "እነሱም ቤት አላቸው። ሰው ማስቸገር ደግ አይደለም።"

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ ከኃጢአት ሁሉ የከፋው ማስቸገር ነው። ጣሪያችን ሲያፈስ ባልዲ ይዘን "ምንም አይደለም" እንላለን። እባብ የነደፈው ሰው አውቃለሁ፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የተናገረው ነገር በሰንበት በመምጣቱ ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስላል።

"ደግሞም የመንግሥት ምጽዋት ነው" ብሎ ቀጠለ ሜርቪን። "በነጻ የሚሰጥህን አመስግነህ ትቀበላለህ እንጂ ሰዓት ትመርጣለህ እንዴ?"

"አባዬ፣ ያን ዓመት በረዶ ገብስህን ሲመታው ከመድን ድርጅቱ ገንዘብ ተቀብለህ አልነበረም?"

"ተቀብያለሁ። ምን አገናኘው?"

"ለማኝ ነበርክ?"

"ምን ማለትሽ ነው! መድን ነው እኮ! ሁሉም ያዋጣል፣ የተመታ ይቀበላል።"

"ይኸውም መድን ነው። ስሙም የአካል ጉዳት መድን ነው። አገሩ ሁሉ በግብር ያዋጣል፣ እንደ እኔ ያለው ይቀበላል። ገንዘቡ የተመደበው በእኔ ስም፣ ለእኔ ኑሮ ነው። የድርጅቱ አይደለም። ድርጅቱ የሚከፈለው ሲያገለግለኝ ነው።"

ሜርቪን ወደ እኔ ዞረ። እኔም "እውነቷን ነው" አልኩት። እሱ ግን በአንድ ክርክር የሚረታ ሰው አይደለም።

"እሺ፣ መድን ይሁን። ታዲያ ቢቆጠብ ምን ይጎዳል? እኔ እኮ ባገኘሽው ሁሉ እንዳትጠቀሚ ያደረግሁት ለክፉ ቀን እንዲቀመጥልሽ ብዬ ነው።"

"የዝናብ ውኃ መሰለህ፣ በርሜል ሞልቶ የሚቆይ? ገንዘቡ የሚመደብልኝ ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ያልተጠቀምኩበት እንደ ቁጠባ አይጠብቀኝም። ይባስ ብሎ ሲገመግሙት 'ይህን ያህል አላስፈለጋትም' ሊሉ ይችላሉ። አንተ የቆጠብከው የእኔን ምሽት ነው።"

ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ይህንን በእውነት አያውቅም ነበር። ልጁን የጎዳው በስስት ሳይሆን በቁጠባ ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው።

"ቢሆንም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ሌላው ምን ዓይነት እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"በግ ሸላቾችህን በምን ታውቃቸዋለህ?"

ይህን ጊዜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሜርቪን በግ ሸላች ሲመርጥ አገር ያውቃል። ከዚህ በፊት ያሠሯቸውን ገበሬዎች ሁሉ እየዞረ ይጠይቃል፣ እጃቸውን ያያል፣ በግ ያቆሰለ ሸላች ደግሞ ምሳውን ሳይበላ ይባረራል።

"እጠይቃለሁ፣ አያለሁ፣ እሞክራለሁ" አለ ሜርቪን እያመነታ።

"ለበግህ ይህን ሁሉ የጠየቅህ ሰው ለእኔ ምን ጠየቅህ?"

ሽማግሌው ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ የያዘውን አወጣው። "የድርጅቱ ባለቤት ኔቪል ነው። አንድ ማልያ ለብሰን እግር ኳስ የተጫወትን ሰዎች ነን። እናትሽ የሞተች ጊዜ እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ ሳለቅስ፣ ማጨጃውን ይዞ መጥቶ ገብሴን ሁሉ ያስገባልኝ እሱ ነው። አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ውለታ ቢስ ልሁን?"

በዚህች ከተማ ሰው ሚስቱን ቢፈታ ይታለፋል፤ የክለብ ጓደኛውን የተወ ግን ስሙ አይጠራም። ኬሬንሳ ግን ወንበሯን ወደ አባቷ አዞረች።

"አባዬ፣ ኔቪልን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ውለታው የአንተ ነው፤ የምተኛው እኔ ነኝ።"

ሜርቪን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፓስቲውን ሳይጨርስ ተነሣና "እንሂድ" አለ። "ወዴት?" ስለው "ወደ ኔቪል፣ ፍርሃት ሳይይዘኝ!" አለኝ።

ኔቪልን ከክለቡ ሜዳ ዳር አጥር ሲጠግን አገኘነው። ሜርቪን ስለ ዝናብ ተናገረ፣ ስለ ገብስ ዋጋ ተናገረ፣ ስለ ኔቪል ጉልበት ሕመም ጠየቀ፤ ላቡ ብቻ ይንጠባጠባል። ኬሬንሳ ይህን አይታ ራሷ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችው።

ኔቪል መዶሻውን አስቀመጠ። "በአንድ ሰዓት መተኛት አትወጂም ነበር?"

"ሠላሳ ዓመት አልፎኛል እኮ፣ ኔቪል!"

"መጀመሪያ ስትገቢ ስንት ሰዓት ይመቻችኋል ብዬ አባትሽን ስጠይቀው፣ 'ለእናንተ እንደሚመቻችሁ' አለኝ። እኔም አመንኩት።"

"አባቴን ጠየቅህ። እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ትልቁ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። "አላውቅም" አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የማታ ሠራተኛ የለኝም። ጠዋት ጠዋቱን ከወደድሽ ከእኔ ጋር ቀጥይ፤ ለማታው ሌላ ድርጅት ፈልጊ። ሁሉን ከአንድ ቤት ግዢ ያለሽ የለም።" ከዚያ ወደ ሜርቪን ዞረና በትከሻው ገፋው። "አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ለመናገር ነው እንዲህ የምታልበው? እኔ ደግሞ ሞት ልታረዳኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር!" ሦስታችንም ሳቅን፤ ሜርቪን ከሁላችንም ይልቅ ሳቀ። ኬሬንሳ ግን አልሳቀችም፤ ለክለቡ "እሺ" ብላ እየደወለች ነበር።

ከዚያ በኋላ የማታው ድርጅት ምርጫ ተጀመረ፤ እኔም ጥሪ ሳይደርሰኝ ቤታቸው ተገኘሁ። መጀመሪያ የመጣው ክራባት ያሰረ ሰው ነበር። ሻይ ሲቀርብ ሜርቪንን አየና "እሷ ስኳር ትወዳለች?" ብሎ ጠየቀው።

"እኔ ምን አውቄ? አፍ አላት፣ እሷን ጠይቃት!" ብሎ ሜርቪን ጮኸበት። ከዚያች ቅዳሜ በፊት ቢሆን ኖሮ ሁለት ማንኪያ ብሎ ይመልስ ነበር።

ሁለተኛዋ ሉዝ የምትባል፣ ፊሊፒንስ የተወለደች፣ በጎረቤት ከተማ በካዲና አነስተኛ ድርጅት ያላት ሴት ናት። ወንበር ስባ ከኬሬንሳ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ማን ነው የሚመጣው? በየጊዜው አዲስ ሰው ይላክብኛል?" አለች ኬሬንሳ።

"እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን። እሷንም አስቀድመሽ ሳታዪያት አትመጣም።"

"ብትታመሙስ?"

"በጊዜ እንነግርሻለን፤ አንዳችን ሌላዋን ትተካለች።"

"ካልተስማማንስ?"

"ዋጋውም የምንለያይበትም መንገድ ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ይዘሽው ቆዪ፣ ለፈለግሽው ሰው አሳዪ፣ ከዚያ ፈርሚ።"

"የማትችሉት ምን አለ?"

ሉዝ አሰበች። "እሁድ ጠዋት አልችልም። ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ።"

ከሄደች በኋላ ኬሬንሳ "እሷ ናት" አለች። "የማይችለውን የሚናገር ሰው፣ እችላለሁ ሲል ይታመናል።"

የመጀመሪያው ረቡዕ ማታ ሜዳው ዳር ቆሜ ሳይ፣ ሜርቪን ማየት የተሳነው የልጅ ልጅ ያለውን አንድ ጎረቤታችንን አጥሩ ላይ አስደግፎ ይሰብከዋል። "ስማ፣ ምጽዋት አይደለም፣ መድን ነው! አትቆጥበው፣ ልጁ ይኑርበት! ድርጅቱን እንደ በግ ሸላች መርምረው፣ ማን ይመጣል በል፣ ሲቀር ምን ይሆናል በል፣ ውሉን አንብብ። ከሁሉ በፊት ግን ልጁን ራሱን ጠይቀው!" አነጋገሩን ለሰማ ነገሩን የፈለሰፈው እሱ ይመስላል። እኔም አላረምኩትም፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ጮክ ብሎ ቢያስተምር ምን ነውር አለው?

"ግራ! ኳሱን ወደ ግራ በይው እንጂ!" ብሎ በስብከቱ መሐል ወደ ሜዳው ጮኸ።

"አባዬ!" አለች ኬሬንሳ ከሜዳው መሐል። ልጃገረዶቹ በወንበሯ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ቃሏ እስኪመጣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። "አሠልጣኟ እኔ ነኝ! ከአጥሩ ራቅ በል!"

ሜርቪን በኩራት ቀላና ራቅ አለ። ፀሐይዋ ባሕሩ ውስጥ ገባች፣ የሜዳው መብራት ቦግ አለ። ልምምዱ አልቆ ልጆቹ እናቶቻቸው እየጠሯቸው እንኳ አልሄዱም፤ ኬሬንሳ ኳስ ወደ ቅርጫቱ መጣል የፈራች አንዲት ልጅ ይዛ ደግማ ደጋግማ ታስጥላታለች። ሉዝ ዳር ቆማ ትጠብቃለች፣ አትቸኩልም። ልማድ ክፉ ነውና ሜርቪን ሰዓቱን አይቶ ደነገጠ።

"ልጄ!" ብሎ ተጣራ። "መሸ እኮ!"

"ይምሽ፣ አባዬ!" አለች ኬሬንሳ። "ይምሽ!"