የእጅጉ ግራማፎን እጀታ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ፓስተር ባርናባስ፣ እህቶቼ፣ ማዳምሽን ለምነሽ ከዳሒዬ ድረስ የመጣሽው መዲና፤ እኔ ዓለምነሽ፣ ከእጅጉ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ የኖርኩት፣ በጥልቅ ሐዘን የማሳውቃችሁ ነገር አለ። የግራማፎኑ እጀታ አልተገኘም።

አዎ! ግራማፎኑማ ይኸው ከሳጥኗ አጠገብ ነው። ያለ እጀታ ሞላው አይጠነጠንም። ሞላው ካልተጠነጠነ ሸክላው አይዞርም። እጅጉ ደግሞ ምን ብላ ነበር? «ስሄድ ሸክላዬን አጫውቱልኝ፤ የናንተን ዋይታ ኸላስ፣ ጠግቤዋለሁ!» ሳጥኑ ታሽጓል፣ ወደ አገሯ የሚሸኛት የኤርፖርቱ መኪና በር ላይ ቆሟል፣ እኛ እጀታ እንፈልጋለን።

እጅጉን የማያውቅ አለ? ዳሒዬ በቦምብ በተደበደበች ዓመት፣ አንድ እሑድ ከገበያ ሻንጣ ይዛ ናባዓ ሰፈር ካለው የኪራይ ክፍላችን ገባች። አብራን የምትኖረው ሚሚ ወዲያው ልብሷን ልታጭቅበት ተነሣች።

«እጅሽን ሰብስቢ!» አለች እጅጉ። «የሩሲያ ግራማፎን ነው!»

«ሻንጣ ነው እንጂ ምኑ ነው ሩሲያ?»

«ጎኑ ላይ የእጀታ ቀዳዳ አለ። መለከቱ ሆዱ ውስጥ ነው። ታርጋውን እዪ፣ እንደ R ያለችው ፊደሏ ጀርባዋን ሰጥታሻለች!»

እውነትም ፊደሏ እንደተቆጣች ማዳም ዞራ ቆማለች። እጅጉ ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ስትሠራ ሚስተሯ፣ የቤቱ ጌታ፣ ግራማፎን ጠጋኝ ነበር፤ ዓይኗ የተፈታው እዚያ ነው።

ከዚያማ ሕግ ወጣ። ለአንድ ሸክላ አንድ መርፌ። እጀታው ሲከብድ ማቆም። ስትጨርሱ ሞላውን ማላላት። ሕጉ ተከበረ? የት ተከብሮ! ስለዚህ እጀታውን ቀማችን። ይዛው ሥራ ትሄዳለች፣ ይዛው ትተኛለች።

እሷስ ፍጹም ነበረች? ግራሶ ያለቀባት ጊዜ ሞላውን በሰምኔ አልቀባችውም? በምግብ ቅቤ! ዘፈኑ ሲጀምር ክፍሉ ድስት ድስት ሸተተ፤ ጉንዳን ተሰልፎ ገባ። «ሙዚቃ ሊሰሙ ነው የመጡት» አለች፣ ሳትስቅ።

ግን ያ ሻንጣ ሲከፈት፣ ሳምንቱን ሙሉ «ያላ! ያላ!» ስንባል የከረምነውን ሁሉ አንድ ሸክላ እስኪያልቅ ማንም አይጠራንም ነበር። ይኼን ማን ሰጠን?

እጅጉዬ፣ ከዚህ ከዓረብ አገር አንዲት ብረት እንኳ ሳትወስጂ፣ ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ። ሸክላሽን ግን አንከለክልሽም። መዲና፣ በጣትሽ አዙሪው። ፓስተር፣ ለአንድ ዘፈን ይቅር ይበሉን።

ሰማችሁት? ዘፋኙ ገና ከእንቅልፉ የተነሣ ነው የሚመስለው። ቢሆንም እየዘፈነ ነው። ደህና ሁኚ፣ እህቴ። ወንድሞች፣ ያላ፣ አንሡ።

ቆይ። ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው የተንኳኳው? ሚሚ፣ ካፖርቷን ያለበስሻት አንቺ ነሽ። ኪሷን አይተሻል?

«ዓለምዬ ደግሞ! የእጅጉን ኪስ ማን ደፍሮ ይነካል?»

ለተከበራችሁ ለቀስተኞች በሙሉ፤ እጀታው እንደጠፋና ሟችም ባዶ እጇን እንደምትሄድ ቀደም ሲል የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ እንደሚከተለው ታርሟል፦ እጀታው ከባለንብረቷ ጋር ተሳፍሯል።