ብቻውን እንዳይበላ

ከሆሳዕና በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ቀይ ዓሣ ያለበት ጠርሙስ ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ወጣት አላስቻለውም።

«እማማ፣ ወዴት ይዘውት ነው?»

«ሆመቾ፣ ለልጄ ልመልስላት። እኔ ቤት እህል አልቀምስ አለ።»

«ውሃው ቀዝቅዞበት ይሆናል።»

«ኧረ ለብ አድርጌለታለሁ! ቤቱም ሰፊ ነው። ብቻን መብላት እኛ ጋ ነውር ስለሆነ፣ ጓደኛ ያለው እንዲመስለው መልክ ማያ መስታወት አቆምኩለት።»

«መስታወት?»

«አዎ! ክንፉን ዘርግቶ ሲጨፍር ነው የሚውለው።»

«ጭፈራ አይደለም እማማ! እኔም አለኝ፤ ይሄ ዓሣ ሌላ ወንድ ካየ ይደባደባል።»

«ውይ! ከራሱ ጋር ሳደባድበው ከረምኩ?»

«መስታወቱን ያንሱለት፣ ይበላል።»

«ወራጅ አለ! ይዤው ልመለስ። ለካ ቤቴን ጠልቶ አይደለም!»

እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ስቆርሰው የነበረውን ዳቦ አወጣሁና ለወጣቱ ዘረጋሁለት።