አያቴ ሳያዩት የፈረዱበት ክንድ

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። አስተማሪያችን «ፐርሊን፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ወይ እኔ እናገራለሁ ወይ አንቺ» ስትለኝ፣ ደመወዝ የሚከፈላት እሷ ስለሆነች ለቀቅኩላት። ስለዚህ ጽሑፌ ላይ ስሕተት ያገኘ ሰው ለራሱ ይያዘው። ነገሩ ግን ስለ ክሪኬት፣ ስለ ሴቶችና ስለ አንድ ግትር ሽማግሌ ስለሆነ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። ሽማግሌው አያቴ ናቸው።

ማክሰኞ ቀን ከፖስታ ቤት ደብዳቤ ይዤ የመንደራችንን የሎንግ ጋፕን ዳገት ስወጣ፣ አያቴ ማስ ኤግበርት («ማስ» የምንለው ወንድን በአክብሮት ስንጠራ ነው) አህያቸው ላይ ሐብሐብ ጭነው ሲወርዱ ድንገት ተገናኘን። ደብዳቤው ለአክስቴ ለሄርሚን የተላከ ነው። ፖስታው በደንብ አልተጣበቀም ነበር፤ እኔ ምን ላድርግ?

የጻፉት ሚስ ሊንዶ ናቸው፣ ኪንግስተን ሆነው የሴቶቹን ቡድን የሚመርጡት። በሰኔ (በ1973 እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር የሴቶች ክሪኬት የዓለም ዋንጫ ይደረጋል፤ ጃማይካም ቡድን ትልካለች። ሄርሚን ፈጣን ኳስ በመልቀቅ በአውራጃው ውስጥ አቻ የላትም። ነገር ግን ባለፈው ወር የተሸነፈ አንድ ቡድን «ክንዷን ታጥፋለች» ብሎ ከሰሳት። ክሪኬት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ለማያውቅ ልንገረው። ኳሱ የሚለቀቀው ክንድን ዘርግቶ በራስ ላይ በማዞር ነው። ክንዱን አጥፎ ካስፈነጠረው ድንጋይ መወርወር ነው፣ ጨዋታ አይደለም። እንግዲህ ሚስ ሊንዶ ቅዳሜ ሊያዩን ይመጣሉ፤ ፈቃድ ያለው ዳኛ ክንዷን አይቶ ካልፈረመ ግን ለሄርሚን እንግሊዝ የለም። በእኛ በኩል ፈቃድ ያለው ዳኛ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ አባቷ። «ሌላ ስለሌለ እሳቸው ይሁኑ» ይላል ደብዳቤው፤ «ቃላቸውን ግን እዚያው ሆኜ እመዝነዋለሁ።»

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲዳኙ አንድም ቀን የሴቶች ግጥሚያ ላይ ቆመው አያውቁም። ሄርሚን ኩራተኛ ስለሆነች አትለምናቸውም። እኔ ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«ፐርሊን፣ ፀሐይ ሳይበርድ ወዴት ነው እንዲህ የሚያስሮጥሽ?»

«ወደ እርስዎ ነው አያቴ። መንገድ ላይ አገኘሁዎት እንጂ።»

«እኔን የሚፈልግ ሰው ወይ ሐብሐብ ይፈልጋል ወይ ጸሎት። አንቺ ጸሎት ላይ ታንቀላፊያለሽ።»

«ሐብሐቡን እምቢ አልልም። ዛሬ ግን የምፈልገው ዳኛ ነው፤ ለቅዳሜ፣ ለሄርሚን።»

ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። «አይሆንም።»

«ገና አልጠየቅኩም እኮ!»

«መልሱ ቀድሞ ቢደርስሽ ምን ከፋሽ?»

ይሁንና የእኛ ሰው ክሪኬት ከተነሣ ቆሞ አያወራም። አህያዋን ጓንጎው ዛፍ ላይ አሰሯት፣ አንድ ሐብሐብ በገጀራ ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ሰጡኝ። ተቀመጥን።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ እንደሚናገሩት ቀስ ብለው። «እኔ ሴትን የማከብር ሰው ነኝ። ስለማከብራትም እኩለ ቀን ላይ ሜዳ መሃል ቆማ በላብ ስትጠመቅ ማየት አልፈልግም። ቦታዋ ጥላው ሥር ነው፤ የፍየሉን ወጥ ትሠራለች፣ ሎሚናዱን ትበጠብጣለች፣ ታጨበጭባለች። ክብር ማለት ይህ ነው።»

«ያን ውሃ ከኩሬው ማን ነው የሚያመጣው አያቴ?»

«የቱን ውሃ?»

«የሎሚናዱን። ሄርሚን ናት። ሁለት ማይል፣ ባልዲ በራሷ ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ። ያኔ ፀሐይዋ አይታ ታልፋታለች? እናቴስ የስካሊየን ሽንኩርት ተሸክማ ገበያ ስትወርድ ጥላ የያዘላት ማን ነው? ሥራ ሲሆን ላቡ ክብር፣ ጨዋታ ሲሆን ነውር ይሆናል?»

ፍሬውን ትፍ አሉና ሩቅ ተመለከቱ። አያቴ ሲሸነፉ ሩቅ ያያሉ።

«እሺ፣ ላቡን ተይው። ሴት ፍርድ አትቀበልም። ዳኛ ጣቱን አንሥቶ ‹ወጥተሻል› ሲላት ታለቅሳለች፣ ትሟገታለች፣ እናቷን ትጠራለች።»

«ባለፈው ፋሲካ ሜዳውን ሁለት ጊዜ በገጀራ ያስዞረዎት ማን ነበር?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ማስ ዊልበርት ነበር። ‹ወጥተሃል› ስላሉት። ጢም አለው፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

መሳቅ አልፈለጉም፤ ግን ሐብሐቡ በአፍንጫቸው ሊወጣ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሰው አስተማሪ የሚቀጥረው እንዳንቺ ዓይነቱን ዝም ለማሰኘት ነበር።»

«አልቻለችም። ሌላ ምክንያት አለዎት?»

«እንግሊዝ ሩቅ ነው። ብቻዋን ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ...»

«ወንድምዎ ተሻግሮ በርሚንግሃም አውቶቡስ ሲነዳ ፎቶውን ሳሎን ሰቀሉት። እሱ ሲሄድ ጀግና፣ እሷ ስትሄድ ብቻዋን?»

እዚህ ላይ ሐብሐቤን አስቀመጥኩ። ሐብሐብ መተዌ ራሱ ሳያስፈራቸው አልቀረም፤ ዘወር ብለው አዩኝ።

«አያቴ፣ አንድ የሕግ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ኳስ ቢለቀቅና ከመቺው ኋላ የተተከሉት እንጨቶች ቢወድቁ፣ ምን ይፈርዳል?»

«ያላየውን አይፈርድም» አሉ ወዲያው። ሕግ ሲጠየቁ ጀርባቸው ይቀናል።

«ቢጠራጠርስ?»

«ጥርጣሬው የሚጠቅመው መቺውን ነው። ይህን ሕፃን ያውቃል።»

«ታዲያ ሄርሚን ላይ እንዴት ፈረዱ? ስትጫወት አንድ ቀን አላዩዋትም። ኳሷን ሳያዩ ነው ጣትዎን ያነሡባት።»

አህያዋ ጆሮዋን አራገበች። አያቴ የሐብሐቡን ልጣጭ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። ሲናገሩ ያ የስብሰባው ድምፅ ጠፍቶ ነበር።

«ፐርሊን፣ ባየው... እና የታጠፈ ቢሆንስ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ላቡም፣ ጥላውም፣ ባሕሩም ሰበብ ነበሩ። እኚህ ሰው አሮጌ ልማድ ነው የያዛቸው ስንል፣ የያዛቸው ፍርሃት ነበር። ዓይናቸው ያየውን መዋሸት አይችሉም፤ የልጃቸውን ተስፋ በገዛ አፋቸው መግደልም አይችሉም። ስለዚህ ክሱ ከተሰማ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ከረሙ። ብዙ አባቶች ልማድ የሚሉት ነገር ቢፈተሽ ውስጡ እንዲህ ዓይነት ፍርሃት ሳይኖር አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

«የታጠፈ ከሆነ ታጥፏል ይበሉ» አልኳቸው። «እሷ የምትፈልገው እንዲያዳሉላት አይደለም፣ እንዲያዩዋት ነው። ካላዩዋት እኮ በዝምታዎ ፈርደውባታል፤ ያውም ይግባኝ በሌለው።»

ልጣጩን ለአህያዋ ሰጧት። ከዚያ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። «እመጣለሁ። ግን ስሚ፤ ያየሁትን እናገራለሁ። ካዘንሽ እንዳታለቅሺብኝ።»

«አላለቅስም። ቢበዛ አኩርፌ አላናግርዎትም።»

«እሱማ በረከት ነው» አሉና አህያዋን ፈቱ።

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ሴቶቹ ነጭ ቀሚስ እስከ ጉልበት፣ ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት ለብሰው ገቡ፤ የእኛ ቀይ አፈር ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም አንድ አደረጋቸው። ተጋጣሚያችን ከተራራው ማዶ የመጡ የማንቸስተር አውራጃ ሴቶች ናቸው፤ የእንግሊዙ ሳይሆን የእኛው ማንቸስተር። አለቃቸው ሚስ ኢኒድ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ ኳስም ቴምብር እንደምትመታው ያለ ርኅራኄ ትመታለች። ሚስ ሊንዶ ሰፊ ባርኔጣ አድርገው፣ ደብተር ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

አያቴ የዳኝነት ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው በጎን በኩል ቆሙ፣ ክንድ በደንብ የሚታየው ከዚያ ነውና። አክስቴ ሮጣ መጥታ ለቀቀች። አጎንብሰው አዩ። ደግማ ለቀቀች። ጠጋ ብለው አዩ። ከእያንዳንዱ ኳስ በኋላ አንድ የአኪ ዛፍ ዘር ከግራ ኪሳቸው ወደ ቀኝ ያሻግራሉ፤ ስድስት ሲሞላ ዙሩ አለቀ ማለት ነው። አራት ዙር ሙሉ እንዲህ ቆሙ። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ዝም አሉ! ዝም አሉ እኮ!» ብዬ እናቴን ቆነጠጥኳት። የታጠፈ ክንድ ያየ ዳኛ ወዲያው ጮኾ ኳሱን ይሽራልና።

ከኋላዬ ግን ማስ ዊልበርት ጮክ ብሎ፣ «አባት ነዋ! ለልጁ ዓይኑን ጨፈነላት!» አለ። ሰውም ሳቀ። ሚስ ሊንዶ አልሳቁም፤ ግን አንድ ነገር ጻፉ። ዊልበርት እውነቱን ነው። የአባት ዝምታ ምን ይመዝናል?

ከዕረፍት በኋላ ሄርሚን ጎን ቀየረችና አያቴ አሁን ከኋላዋ፣ ለቃቂዋ በእግሯ እንዳታልፈው ከተሰመረው የኖራ መስመር ዘንድ ቆሙ። ሚስ ኢኒድ አርባ አስቆጥራ እየተዝናናች ነው። አክስቴ ከሩቅ ተንደርድራ መጣች፤ ያን ዓይነት ኳስ አይቼ አላውቅም። ኢኒድ መምቻዋን ሳታወርድ መሃለኛው እንጨት ተነቅሎ ሦስት ጊዜ ተገለባበጠ። ሎንግ ጋፕ በሙሉ ከመሬት ዘለለ። እናቴ የድስት ክዳን ወረወረች።

የአያቴ ክንድ ግን ወደ ጎን ተዘርግቶ ነበር።

«አይቆጠርም!» አሉ፤ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ተሰማ። «የፊት እግሯ መስመሩን አልፏል። መቺዋ አልወጣችም።»

ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደጮህኩ እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ቄሱም ያነቡታል። ሄርሚን ዘወር ብላ አባቷን አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። ከዚያ ወደ መሬቱ ጎንበስ ብላ ጫማዋ ያረፈበትን ምልክት ተመለከተች፣ ራሷን ነቀነቀችና ኳሱን ይዛ ተመለሰች። 

ከሦስት ኳስ በኋላ አንድ ለቀቀች፤ ኢኒድ ሳተችውና ወደ እንጨቶቹ የሚሄደው ኳስ እግሯን መታ፤ እግሯ ባይከለክለው እንጨቶቹን የሚመታ ከሆነ መቺዋ ትወጣለች። «ዳኛ፣ እንዴት ነው?» ብለው አሥራ አንዱም ጮኹ። ዓለም ቆመ። አያቴ መስመሩን፣ እግሯንና እንጨቶቹን በዓይናቸው ለኩ፤ ከዚያ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወጣ።

ሚስ ኢኒድ ምን አደረገች መሰላችሁ? መምቻዋን ብብቷ ውስጥ ከታ፣ በሄርሚን አጠገብ ስታልፍ «ጥሩ ኳስ ነበር እኅቴ» አለችና ወጣች። አላለቀሰችም። ገጀራም አላመጣችም።

እኛ በሃያ ሦስት ነጥብ አሸነፍን። ጨዋታው ሲያልቅ ሚስ ሊንዶ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ አያቴ መጡ።

«ማስ ኤግበርት፣ ስለ ክንዷ ምን ይላሉ?»

«ቀጥ ያለ ነው እመቤቴ። ክንዷ ቁልቁል ሲመጣ ክርኗ ላይ ያለው አጥንት ለሩቅ ሰው የታጠፈ ያስመስለዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ ነው።»

«ጠዋት ቢነግሩኝ ኖሮ ቃልዎን አልቀበልም ነበር» አሉ ሚስ ሊንዶ። «የልጁን ትልቁን ኳስ በሰው ሁሉ ፊት የሻረ አባት ግን፣ ቀጥ ነው ካለ ቀጥ ነው። እዚህ ይፈርሙ።»

ፈረሙ። ፊርማቸው የዶሮ እግር መሰለ። ሄርሚን መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ያ ነጭ ካፖርት በቀይ አፈር ተለቀለቀ፤ እሳቸውም ለሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠብቁት የኖሩትን ንጽሕና ረስተው አቀፏት።

በማግስቱ እሑድ ከጸሎት በኋላ አያቴ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመው ሕዝቡን አናገሩ። «ወገኖቼ፣ ተሳስቼ ነበር» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስዳኝ እንደዚያች የፖስታ ቤት ሴት ፍርድን ተቀብሎ የወጣ አንድ ወንድ አላየሁም። ይህ ጨዋታ ልጅን ያበላሻል ብዬ ነበር፤ ለካ ሰውነቷን ያጠነክራል፣ ስሕተቷን አጎንብሳ እንድታይ ያስተምራታል፣ ከጎረቤት አውራጃ ሰው ጋር በወግ ያገናኛታል። ሴት ልጅ ያላችሁ ሜዳ ላኳት። የምትፈሩ ካላችሁ ደግሞ መጥታችሁ እዩ፤ ሳታዩ አትፍረዱ።» ሁሉንም ጓንጎው ሥር የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስሜን ግን አላነሡም።

ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ረቡዕና ቅዳሜ የልጃገረዶች ሆነ። ሃያ ሁለት ሆነናል። አያቴ ዳኝነት ያስተምሩኛል፤ የሕጉ መጽሐፍ ግን በከባድ ቃላት የተሞላ ስለሆነ፣ ትርጉም ልጠይቅ ወደዚያች የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ ተመልሻለሁ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሰማለሁ። አንዳንዴ።

ሄርሚን በሰኔ በአውሮፕላን ሄደች። የመጀመሪያው ግጥሚያ ቀን ሎንግ ጋፕ በሙሉ በሚስተር ሎ ሱቅ ራዲዮው ሥር ተሰበሰበ። ጋዜጠኛው ግን ከኒውዚላንድ ጋር የነበረው ጨዋታ በዝናብ ምክንያት አንድ ኳስ ሳይለቀቅ ተሰረዘ አለ።

ማስ ዊልበርት ባንኮኒውን እየደበደበ ሳቀ። «ውቅያኖስ ተሻግረው ዝናብ ሊያዩ! ሴቶችና የዓለም ዋንጫ! ይኸውላችሁ!»

አያቴ የያዙትን የባሚ ቂጣ አስቀመጡና ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «ዊልበርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በክሪኬት የዓለም ዋንጫ የተጫወተ አንድ ወንድ ጥራልኝ።»

«ምን ማለት ነው? ብዙ አሉ! እነ...» ዊልበርት አፉን ከፈተ። ለመቁጠር ጣቱን አነሣ። ሚስተር ሎ ሚዛኑን አቁሞ ጠበቀው። ሱቁ በሙሉ ጠበቀው።

«አንድ ብቻ» አሉ አያቴ። «ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከየትም።»

«...የለም።»

«የለም። እስከ ዛሬ ለወንዶች ተደርጎ አያውቅም። በዓለም የመጀመሪያው የሴቶቹ ነው፤ ልጄ እዚያ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጣለች። ወንዶቹም አንድ ቀን ይደርሳቸው ይሆናል። ሲደርሳቸው ግን ሁለተኛ ናቸው።»

እንዲያ ያለ ጩኸት በዚያ ሱቅ ተሰምቶ አያውቅም፤ የብስኩት ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ወደቀ። ዊልበርት ጢሙን እያሸ ጠበቀ፤ ጩኸቱ በረድ ሲል ወደ አያቴ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ (እኔ ግን ሰምቻለሁ)፣ «ማስ ኤግበርት» አላቸው፤ «ያቺ ትልቋ ልጄ ክንዷ ጠንካራ ነው። ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?»