የመናፈሻው ሣር

ከጎረቤቴ ከአቶ ማርቆስ ጋር ያጣላችን ፍየሉ ናት፤ የሙዝ ችግኜን ጨርሳ በላችብኝ። ተኳርፈን ስንከርም የሰፈር ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን አርባ ምንጭ ውስጥ ወዳለው አዲሱ መናፈሻ ወሰዱን። ቦታው ድሮ ሽምግልና የሚካሄድበት ሜዳ ነበር፤ አሁን ታጥሮ፣ አበባ ተተክሎበት፣ ዘበኛ ቆሞለታል። እኔና ማርቆስ አንዱ አግዳሚ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀመጥን። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው እፍኝ ሣር ነጩ።

ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ መጣ። «ሣር መንጨት ክልክል ነው! ሰው የሚዝናናበት ነው!»

«እነዚህን ልናስታርቅ ነው፣ ልጄ» አሉት።

«ታዲያ ሣሩን ከቤታችሁ ይዛችሁ አትመጡም?»

ይሄኔ እኔና ማርቆስ እኩል ብድግ ብለን «ሽማግሌ ላይ ትጮሃለህ?» ብለን አፋጠጥነው። ሽማግሌው አዲሱን ጠብ ሲያዩ ሌላ እፍኝ ነጭተው ዘበኛው ፊት ተንበረከኩ! እሱም የጋሞ አገር፣ የገረሴ ልጅ ነው፤ ሣሩን ሲያይ ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። «እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» አለ፤ «ግን ሣሩን መልሳችሁ ትከሉ።»

ተከልነዋ! እኔ በቀኝ፣ ማርቆስ በግራ ተንበርክከን ስንተክል ሽማግሌዎቹ ቆመው ያመላክቱናል። ከዚያ ተቃቅፈን ወጣን።

ሰንበትበት ብዬ በዚያ ሳልፍ ዘበኛው ጠርቶ «የማርቆስ ጸድቋል፤ ያንተ ደርቋል» አለኝ። ለካ ማርቆስ ተደብቆ እየሄደ የራሱን ብቻ ውሃ ሲያጠጣ ከርሟል! ይኸው እስከ ዛሬ አንነጋገርም።