የእልፍነሽ ሜዳ

(ቢሾፍቱ፤ የስፖርት መምህርቷ እልፍነሽ በሞተች በሠላሳ አምስተኛው ቀን ጠዋት። ባሏ ደርቤና ለአርባዋ ድግስ ከሞጆ የመጡት ታላቅ እህቱ አስካለ፣ ጓሮ ውስጥ ከተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ሣር አጠገብ ቆመዋል።)

አስካለ፦ ለዕድሩ ዳኛ "ድንኳን አልፈልግም" ያልከው አንተ ነህ ወይስ ሰው ነው በስምህ የተናገረው?

ደርቤ፦ እኔ ነኝ።

አስካለ፦ ቅዳሜ አርባዋ መሆኑን ታውቃለህ?

ደርቤ፦ አውቃለሁ እትዬ።

አስካለ፦ ታዲያ ሦስት መቶ ሰው የት ልናስቀምጥ ነው? እዚህ ጥቅልል ላይ?

ደርቤ፦ ፍትሐቱ ቤተ ክርስቲያን ይደረግ። ሰዉም ከዚያው ይሸኝ።

አስካለ፦ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ? ቤቷ ሳይደርሱ፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ?

ደርቤ፦ ሐሙስ ሠራተኞቹ ይመጣሉ። ጠጠሩን ደልድለው ጨርሰዋል፤ ይዩት፣ በውሃ ልክ ነው ያስተካከሉት። ሣሩን ዘርግተው ያጣብቁታል። ከዚያ ሁለት ቀን እግር አይረግጠውም። የድንኳን ካስማ ደግሞ ይቀደዋል።

አስካለ፦ ዝናብ ሳያየው የለመለመ ሣር ዛሬ አየሁ። ላም ብትበላውስ?

ደርቤ፦ ትታነቃለች።

አስካለ፦ ሰው አርባ ያወጣል፣ የእኔ ወንድም ምንጣፍ ያነጥፋል።

ደርቤ፦ ምንጣፍ አይደለም። የመረብ ኳስ ሜዳ ነው። ግቢው ስላልበቃ ከርዝመቱ ሁለት ሜትር ቀንሰናል።

አስካለ፦ ርዝመቱን ማን ጠየቀህ?

ደርቤ፦ ማንም።

አስካለ፦ እሷ ግን ሜዳውን ጠይቃህ ነበር።

ደርቤ፦ ስምንት ዓመት።

አስካለ፦ ምን ትላት ነበር?

ደርቤ፦ "ክረምቱ ይውጣ" እላታለሁ።

አስካለ፦ ስምንት ክረምት ወጣ።

ደርቤ፦ ወጣ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ስለሌለው ልጆቹን እዚህ ነበር የምታለማምዳቸው። ኮረቱ ላይ እየወደቁ ጉልበታቸው ይላጣል። ከሥራ ስገባ "ዛሬ ሁለቱ ደሙ" ትለኛለች። እኔ ዜና እያየሁ "እሺ" እላታለሁ።

አስካለ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...

ደርቤ፦ ...አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ማልቀሱስ በመጣልኝ።

አስካለ፦ ምን አልክ?

ደርቤ፦ ምንም።

አስካለ፦ እኔ ነኝ ያሳደግሁህ። አንተ "ምንም" ስትል አንድ ነገር አለ።

ደርቤ፦ በቀብሯ ቀን ወንበር እየቆጠርኩ ነበር። ዕድሩ መቶ ሃምሳ አመጣሁ አለ፤ ስቆጥረው ሁለት ይጎድላል። እንደገና ቆጠርኩ። ሁለቱ የት ገቡ ብዬ ሳስብ ሬሳው ወጣ።

አስካለ፦ አይቼሃለሁ።

ደርቤ፦ ሰውስ?

አስካለ፦ ሰውም አይቶሃል።

ደርቤ፦ ምን አሉ?

አስካለ፦ ሰው የማይለው ምን አለ? ተወው።

ደርቤ፦ ይንገሩኝ እትዬ። አይከፋኝም። ከሞተች ወዲህ የሚከፋኝ ነገር የለም፣ ችግሩ እሱ ነው።

አስካለ፦ አክስቷ ናት። "ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም" አለች፣ እኔ እየሰማሁ።

ደርቤ፦ እኔም ለራሴ ያልኩት እሱን ነው። ድንኳኑን የጠላሁት ለዚህ ነው። እንደገና ተተክሎ፣ ያ ሁሉ ሰው እንደገና ተቀምጦ፣ ዓይኔ እንደገና ከደረቀ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት የኖርኩት ሳልወዳት ነው ማለት ነው። ሣሩ ላይ ግን ሥራ አለ። ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይለጠፋል። ማንም አልቅስ አይለኝም።

አስካለ፦ ቁጭ በል እስቲ።

ደርቤ፦ ጠጠሩ ይበላሻል።

አስካለ፦ ጠጠር ተበላሽቶ ምን ይሆናል? ጠጠር። ቁጭ በል። ባለቤቴ ሲሞት እንዴት እንደጮህኩ ታስታውሳለህ?

ደርቤ፦ ሞጆ በሙሉ ያስታውሳል።

አስካለ፦ ያ ለሰው ነበር። ውስጤ ባዶ ነበር። ደረቴን እየመታሁ ወጡ እንዳያር አስብ ነበር።

ደርቤ፦ እርስዎ?

አስካለ፦ አዎ እኔ። በሦስተኛው ዓመት ገበያ ስሄድ ጫማ ሰፊው ጠራኝ። "የጋሽ ወርቅነህን ጫማ አይወስዱልኝም? ሶሉን ከቀየርኩት ሦስት ዓመቱ" አለኝ። ጫማውን ታቅፌ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። ሊስትሮዎቹ ውሃ አጠጡኝ።

ደርቤ፦ ለምን አልነገሩኝም?

አስካለ፦ ሦስት ዓመት ላለፈው ለቅሶ ማን ይደርሳል ብዬ? እንባ እንደ ዕድር አይደለም፤ ጡሩምባ ስለተነፋ አይመጣም።

ደርቤ፦ እኔ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ልጆቹ ግን ሣሩን ካነጠፍኩ ይመጣሉ ብዬ ነበር። ስድስት ናቸው። ከሞተች ወዲህ አንዷም ብቅ አላለችም።

አስካለ፦ አይመጡም።

ደርቤ፦ ሣር እያለ?

አስካለ፦ ሐር ብታነጥፍላቸውም። ተዝካሩ ያልወጣበት ለቅሶ ቤት፣ ልጇን ኳስ አሲዛ የምትልክ እናት የት አለች? ትናንት ከመኪና ስወርድ የቤዛን እናት አገኘኋት። "ልጄ ኳሷን አልጋ ሥር አስቀምጣ 'የቲቸር አርባ መቼ ነው?' እያለች ትነተርከኛለች" አለችኝ።

ደርቤ፦ ቤዛ?

አስካለ፦ ቤዛ። አንተ ድንኳኑን ከልክለህ ልጆቹን ትጠብቃለህ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቅዳሜ ሰው እዚህ በልቶ፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ካልወጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ይሄ ቤት ለቅሶ ቤት ነው። ሣርህን ብቻህን ታየዋለህ።

ደርቤ፦ አላሰብኩትም።

አስካለ፦ ሐዘን ለማሰብ ፋታ ይሰጣል እንዴ?

ደርቤ፦ ሠራተኞቹን ከአርባው በኋላ፣ ለሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ልበላቸው?

አስካለ፦ በላቸው።

ደርቤ፦ ጥቅልሉን ቤት እናስገባው። ወጥ እንዳይፈስበት።

አስካለ፦ እናስገባዋለን።

ደርቤ፦ እትዬ።

አስካለ፦ ወዬ።

ደርቤ፦ ቅዳሜም እንባው ባይመጣልኝስ? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ?

አስካለ፦ አጠገቤ ትቀመጣለህ። የእኔ ጩኸት ለሁለት ሰው ይበቃል።